ስለ ሼል ነዳጅ ለተጻፈው ምላሽ፦ በርሜሉ ከመቆጠሩ በፊት አለቱ ይታይ

ስለ አሜሪካ ሼል ነዳጅ (ሼል ከደቃቅ ጭቃ የጠጠረ ስስ ንጣፍ ያለው አለት ነው) በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። በሰሜን ዳኮታ ግዛት ባከን በሚባል አለት ውስጥ ከ400 ቢሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ (ዘይት) አለ። ነዳጁ ጥቁር ሼል ውስጥ ተኝቶ ስለሚጠብቅ፣ አለቱን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ (ፍራኪንግ ይባላል) ማውጣት የመሣሪያና የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው። አንዴ የተቆፈረ ጉድጓድ ለ30 ዓመት ሳያቋርጥ ያመርታል። ሼል ያለው አገር ሁሉ፣ ኦጋዴንን የያዘችው ኢትዮጵያም ጭምር፣ ይህንኑ መድገም ይችላል።

የአሜሪካ ምርት በ2008 ከነበረበት 5 ሚሊዮን በርሜል በቀን ተነስቶ በ2019 ከ12 ሚሊዮን በላይ መድረሱን፣ ዋናው ምክንያትም ይህ ዓይነቱ አለት መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የተሳሳቱት ይህ እንዴት እንደሆነ ሲያስረዱ ነው። ከጽሑፉ አንባቢ ይዞ የሚሄደው ትልቁ ሐሳብ «ዘይቱ ካለ ይወጣል» የሚል ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ የዚህን ያህል ገንዘብ ያስበላ ሐሳብ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ያስፈልጋል፤ ከታች በጥቅስ የተቀመጡት ርዕሶች የጽሑፉ አባባሎች ናቸው።

«ኮሎራዶና አካባቢዋ ብቻ ከአንድ ትሪሊዮን በርሜል በላይ የሼል ዘይት አላቸው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደምረዋል። በኮሎራዶ፣ በዩታና በዋዮሚንግ የተዘረጋው የግሪን ሪቨር አለት የያዘው በአብዛኛው ፈሳሽ ዘይት ሳይሆን ኬሮጅን ነው። ኬሮጅን የጥንት አልጌና የእጽዋት ቅሪት ከደለል ጋር ተቀብሮ የፈጠረው ጠጣር ቁስ ነው። ዘይት የሚሆነው አለቱ በጥልቀት ተቀብሮ በግምት ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውስጥ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሲቆይ ነው። የግሪን ሪቨር አብዛኛው ክፍል እዚያ አልደረሰም። ተፈጥሮ ያላበሰለውን ሰው ላብስል ካለ አለቱን ቆፍሮ ማውጣት፣ መፍጨትና አየር በሌለበት ምድጃ ወደ 500 ዲግሪ ማሞቅ አለበት። ሌላው አማራጭ አለቱን ከነቦታው ለዓመታት በኤሌክትሪክ ማሞቅ ነው፤ ሼል (Shell) የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ይህንን በኮሎራዶ ሲሞክር ቆይቶ በ2013 ትቶታል።

የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት በ2009 ለኮሎራዶው ፒሻንስ ቤዚን (ቤዚን ደለል የሞላው ሰፊ ጎድጓዳ ምድር ነው) ያወጣው 1.5 ትሪሊዮን በርሜል የሚል ግምት በቦታው ስላለው ብቻ ነው። ስንቱ ሊወጣ እንደሚችል ድርጅቱ አልገመተም። የባከን ዘይት ግን በምድር ሙቀት በስሎ ያለቀ፣ ቀጭንና ቀላል ድፍድፍ ነው። ችግሩ ማብሰል ሳይሆን ማፍሰስ ነው። በጅማ አካባቢ ዴልቢ ሞዬ ላይ ከድንጋይ ከሰል ጋር ተደራርቦ የሚገኘውም ያልበሰለው ዓይነት ስለሆነ ከባከን ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

«ዘይቱ ያለው ጥቁሩ ሼል ውስጥ ነው፤ የሚቆፈረውም እሱ ነው»

ከጽሑፉ ስህተቶች ሁሉ ይህ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ሌሎቹ ከዚህ የተወለዱ ናቸውና።

ባከን አንድ ወጥ ሼል አይደለም። ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነጠፈ፣ በዊሊስተን ቤዚን መሃል ወደ 3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የሚገኝ ባለ ሦስት ንጣፍ አለት ነው። ሦስቱ ተደምረው ወፍራም በሆኑበት ቦታ እንኳ 50 ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ጥቁር ሼል ሲሆኑ ኦርጋኒክ ካርቦናቸው በክብደት በአማካይ ወደ 10 በመቶ ይደርሳል። 2 በመቶ ያለው አለት ጥሩ ዘይት አመንጪ ስለሚባል ይህ እጅግ ሀብታም ነው። መካከለኛው ግን ሼል አይደለም፤ ደቃቅ አሸዋ፣ ደለልና ዶሎማይት የተባለ የኖራ ድንጋይ መሰል ማዕድን የተቀላቀለበት ግራጫ አለት ነው፤ የራሱ ኦርጋኒክ ካርቦን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አግድም ጉድጓዶቹ የሚሄዱት በዚህ መካከለኛ ንጣፍና ከባከን ሥር ባለው ስሪ ፎርክስ በሚባለው ዶሎማይታማ አለት ውስጥ ነው። ሼሎቹ ዘይቱን አመንጭተው ወደ ጎረቤታቸው ገፉት፤ ከላይም ከታችም ክዳን የሆኑትም እነሱው ናቸው።

ለምን መካከለኛው ተመረጠ ቢባል፣ የአለቱን ቀዳዳዎች መመልከት ነው። የመካከለኛው ባከን ቀዳዳ በአማካይ የአለቱን 5 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ፈሳሽ የማሳለፍ አቅሙ ደግሞ በአማካይ 0.04 ሚሊዳርሲ (የዚህ አቅም መለኪያ) ገደማ ነው። ጥሩ የሚባል የአሸዋ ድንጋይ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዳርሲ ያሳልፋል። ሼሉ ጋ ሲደርስ መለኪያው ራሱ ይለወጥና በናኖዳርሲ፣ በሚሊዳርሲ ሚሊዮንኛ፣ ይቆጠራል። በሼል ውስጥ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ጉሮሮ ስፋቱ ከ5 እስከ 100 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ነው። ከድፍድፍ ውስጥ ከባዶቹ አስፋልቲን የሚባሉት ሞለኪውሎች ራሳቸው ከ5 እስከ 10 ናኖሜትር ይደርሳሉ። እንዲህ ባለ ጠባብ መንገድ ጋዝ ያልፋል፣ ቀላል ዘይትም በግድ ያልፋል፤ ከባድ ዘይት ይቀራል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ክርክር አይደለም። በ1987 በሰሜን ዳኮታ የመጀመሪያው አግድም ጉድጓድ የተቆፈረው በላይኛው ሼል ውስጥ ነበር፤ ጸሐፊው ባሉት መንገድ ማለት ነው። በተፈጥሮ ስንጥቅ ላይ የወደቁ ጉድጓዶች አመረቱ፣ የሳቱት አላመረቱም፤ ውጤቱ ወጥ ስላልነበረ በ1990ዎቹ ሥራው ቀዘቀዘ። ነገሩ የተለወጠው በ2000 በሞንታና ኤልም ኩሊ በተባለው ቦታ ወደ መካከለኛው ንጣፍ ዶሎማይት ሲገባና አግድሙ ጉድጓድ በውሃ ግፊት ሲሰነጠቅ ነው። በሰሜን ዳኮታ በኩል የፓርሻል የነዳጅ ሜዳ በ2006 ተከተለ።

አንድ ንጣፍ ዘይት አለው ወይ ብቻ ሳይሆን ይለቃል ወይ ብሎ ለመጠየቅ የተለመደ ርካሽ ምርመራ አለ። ሮክ ኢቫል ይባላል። ከመቶ ሚሊግራም ያልበለጠ የአለት ዱቄት መሣሪያው ውስጥ ይገባና መጀመሪያ በ300 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ይሞቃል። በዚህ ጊዜ የሚተነው አስቀድሞ የተፈጠረ ነፃ ዘይት ስለሆነ ኤስ 1 ይባላል። ከዚያ ሙቀቱ በደቂቃ 25 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 650 ይወጣል። ከኬሮጅኑ ተሰንጥቆ የሚወጣው ኤስ 2 ነው፤ ኤስ 2 ጣሪያ የሚነካበት ሙቀት ደግሞ ቲማክስ ይባላል። ቲማክስ ከ435 ዲግሪ በታች ከሆነ አለቱ ገና ጥሬ ነው፤ ከ470 በላይ ከሆነ ዘይቱን አልፎ ወደ ጋዝ ሄዷል።

አሁን ኤስ 1ን ለኦርጋኒክ ካርቦኑ አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጥቁር ሼል 11 በመቶ ካርቦንና በአንድ ግራም አለት 7 ሚሊግራም ኤስ 1 ቢኖረው ውጤቱ 64 ይሆናል። ካርቦኑ 0.5 በመቶ ብቻ የሆነ ግራጫ አለት 2 ሚሊግራም ኤስ 1 ቢኖረው 400 ይሆናል። ከ100 በታች ሲሆን ዘይቱ በኬሮጅኑ ተመጥጦ ተይዟል ማለት ነው፤ ከ100 በላይ ሲሆን ሊፈስ የሚችል ትርፍ አለ። ሰባት ሚሊግራም ያለው አለት ሁለት ሚሊግራም ባለው የሚበለጠው በዚህ ነው። የባከን ሼሎችና መካከለኛው ንጣፍ ልዩነታቸውም በዚሁ መልክ ይታያል። ጽሑፉ «ጥቁር በሆነ ቁጥር ይሻላል» ማለቱ ለአመንጪ አለት ይሠራል፤ ለሚመረትበት አለት አይሠራም።

ጽሑፉ ከናካቴው ያላነሳው ሌላ ነገር ግፊት ነው። ኬሮጅን ወደ ዘይትና ጋዝ ሲለወጥ የሚይዘው ቦታ ይጨምራል፤ መውጫ ካጣ ግፊቱ ይቆለላል። በጥልቁ የባከን ክፍል ግፊቱ በአንድ ጫማ ጥልቀት 0.7 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ) ገደማ ይደርሳል፤ በውሃ ክብደት ብቻ ቢሆን 0.45 ያህል ነበር የሚሆነው። በ3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይህ የ4,400 እና የ6,900 ፒኤስአይ ልዩነት ነው። አለቱን ከውስጥ በደቃቅ ስንጥቆች የከፈተው፣ ዘይቱንም ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ይኸው ነው። ግፊቱ በሌለበት የቤዚኑ ዳርቻ ያው ንጣፍ፣ በተመሳሳይ ቁፋሮ፣ ውሃ የበዛበት ደካማ ጉድጓድ ይሰጣል።

«በፍራኪንግ የማይከፈት ሼል የለም»

አለ፤ ብዙ አለ። የሚወስነውም ማዕድኑ ነው። ኳርትዝ፣ ካልሳይትና ዶሎማይት የበዛበት አለት ግፊት ሲያርፍበት ተሰባብሮ ይከፈታል። የቴክሳሱ ባርኔት ሼል ኳርትዝ ይበዛበታል፤ ኢግል ፎርድ በብዙ ቦታ ከግማሽ በላይ ካልሳይት ስለሆነ ከሼል ይልቅ ለኖራ ድንጋይ ይቀርባል። የሸክላ ማዕድን ከ40 በመቶ ሲያልፍ ግን አለቱ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይለመጣል። ስንጥቅ ቢፈጠርም ክፍት አድርጎ እንዲይዘው የሚገባው አሸዋ በእርጥብ ጭቃ ላይ እንደወደቀ ጠጠር ወደ ግድግዳው ይሰምጣል፤ ስንጥቁም መልሶ ይዘጋል። አንዳንዱ ሸክላ ደግሞ የሚገባውን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ወደ 3 ኪሎ ሜትር ቁልቁል፣ ከዚያ ታጥፎ ሌላ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ አግድም ይቆፈርና የብረት ቱቦ ገብቶ በሲሚንቶ ይታሰራል። ከሩቁ ጫፍ ተነስቶ ቱቦው በፈንጂ ይበሳል፤ ውሃና አሸዋ በደቂቃ ከ80 እስከ 100 በርሜል ፍጥነት ይረጫል፤ ከዚያ መድፈኛ ተቀምጦ ወደ ቀጣዩ ክፍል ይታለፋል። በአንድ ጉድጓድ ይህ 40 እና 50 ጊዜ ይደጋገማል። ለአንድ ሜትር አግድም ጉድጓድ እስከ 3 ቶን አሸዋ መጠቀም የተለመደ ሆኗል።

ስንጥቁ በዚህ ጥልቀት ቀጥ ብሎ የሚቆም ሲሆን የሚከፈተው ትንሹ አግድም ጫና ባለበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ በተቻለ መጠን ከዚያ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆፈራል፤ ስንጥቆቹም እያቋረጡት ጎን ለጎን ይደረደራሉ። አቅጣጫው ከተሳተ ስንጥቁ ጉድጓዱን ተከትሎ ይሮጥና አዲስ አለት አይነካም። አሸዋው ከስንጥቁ ስፋት በላይ ከወፈረ ወይም ፓምፑ ከቀነሰ መግቢያው ላይ ይቆለላል፤ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይተኮስና ክፍሉ ሳይጠናቀቅ ይቆማል። ያን ጊዜ ቱቦውን አጥቦ እንደገና መጀመር ነው።

«400 ቢሊዮን በርሜል ክምችት»

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ይሠራ የነበረው ሊ ፕራይስ በ1999 ባዘጋጀውና በይፋ ሳይታተም በቀረው ጥናት የባከን ሼሎች ከ271 እስከ 503 ቢሊዮን፣ በአማካይ 413 ቢሊዮን በርሜል ዘይት እንዳመነጩ ገምቷል። ይህ አለቱ በታሪኩ ያመነጨው እንጂ የሚወጣው አይደለም፤ ክምችት ሊባል ከቶ አይችልም። ክምችት የሚባለው አሁን ባለው ዘዴና ዋጋ ለመውጣቱ ማስረጃ ያለው ብቻ ነው።

ያው ድርጅት ሊወጣ የሚችለውን ሲገምት ቁጥሩ ሌላ ነው። በ1995 ለባከን የሰጠው 151 ሚሊዮን በርሜል ነበር። አግድም ቁፋሮና ስንጥቅ ከተለመዱ በኋላ በ2008 ወደ 3.65 ቢሊዮን ከፍ አለ። በ2013 ስሪ ፎርክስ ሲጨመር 7.38 ቢሊዮን ሆነ። በ2021 ደግሞ 4.3 ቢሊዮን ሆኖ ወረደ፤ ግምቱ ገና ያልተነካውን ብቻ ስለሚቆጥርና ጥሩ ጥሩው ቦታ አስቀድሞ ስለተቆፈረ ነው። ጽሑፉ የያዘው ቁጥር ከነዚህ ከየትኛውም ከሃምሳ እጥፍ በላይ ነው።

እንዲህ ካለ አለት በቦታው ካለው የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች የሚሆነው ለምንድን ነው? በተለመደው የአሸዋ ድንጋይ ዘይቱን ከታች ውሃ ይገፋዋል፣ ወይም ሰው በሌላ ጉድጓድ ውሃ ያስገባል። እዚህ አለቱ ውሃ አያሳልፍም፤ የሚገባው ውሃ በተሰነጠቀው መንገድ ሮጦ ወደሚያመርተው ጉድጓድ ይደርሳል እንጂ ዘይቱን አይነካውም። የሚቀረው ኃይል የዘይቱ የራሱ መለጠጥና በውስጡ የሟሟው ጋዝ ብቻ ነው። ያ ሲያልቅ ምርቱም ያልቃል።

በቁጥር መታመን ምን እንደሚያስከትል ካሊፎርኒያ አሳይታለች። በ2011 ለአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር በተዘጋጀ ዘገባ የሞንተሬ ሼል 15.4 ቢሊዮን በርሜል ሊያስወጣ ይችላል ተባለ፤ በወቅቱ ከባከንና ከኢግል ፎርድ የሚበልጥ ነበር። በ2014 አስተዳደሩ ራሱ ከ13.7 ቢሊዮን ወደ 0.6 ቢሊዮን አወረደው። አለቱ ወፍራምና በኦርጋኒክ ካርቦን ሀብታም መሆኑ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን የካሊፎርኒያ ምድር የታጠፈና የተሰባበረ ነው። ዘይቱ በስብራቶቹ በኩል ብዙ ጊዜ ወደ ላይ አምልጦ የተለመዱትን የካሊፎርኒያ ሜዳዎች ሞልቷል፤ ንጣፉም እንደ ዊሊስተን ጠፍጣፋ ስላልሆነ አግድም ጉድጓድ ለ3 ኪሎ ሜትር ይዞት መሄድ አይችልም።

«አንድ ጉድጓድ ለ30 ዓመት»

ጠብ ጠብ ማለቱን ከቆጠርን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምርት ብለን ከሆነ አይደለም። ዘይቱ ከጠባብ አለት ወደ ስንጥቁ ሲገባ ምርቱ በጊዜ ስኩዌር ሩት ተገላባጭ ይቀንሳል። በመጀመሪያው ወር በቀን 1,000 በርሜል የሰጠ ጉድጓድ በዚህ ሕግ በ4ኛው ወር 500፣ በ9ኛው 333፣ በ16ኛው 250፣ በ36ኛው ወር 167 ይሰጣል። በ12ኛው ወር ከመነሻው ከ70 በመቶ በላይ ወርዷል ማለት ነው። በመስኩ የሚታየው የመጀመሪያ ዓመት ቅነሳም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የከፋው ስህተት ግን ይህንን መስመር ለ30 ዓመት መቀጠል ነው። ሁለት ጎረቤት ስንጥቆች የሚስቡት ዘይት መሃል ላይ ሲገናኝ ቅነሳው ይፈጥናል። ያ ጊዜ በስንጥቆቹ ርቀት ስኩዌር ይወሰናል፤ ርቀቱ በግማሽ ቢቀንስ መገናኛው በሩብ ጊዜ ይደርሳል። ኩባንያዎች ስንጥቆችን ባቀራረቡ ቁጥር የመጀመሪያው ወር ያማረ ይሆናል፤ ጅራቱ ግን ያጥራል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አይቶ የዕድሜ ልክ ምርት የገመተ ሁሉ ያበዛል።

ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። የአለቱ ግፊት ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ የሟሟው ጋዝ ይለያል፤ ጋዙ በጠባቡ ጉሮሮ ቀድሞ ያልፋል፣ ዘይቱ ወደኋላ ይቀራል። ከዚያ ሌላ፣ ከአሮጌ ጉድጓድ ጎን አዲስ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ግፊቱ ወደወረደበት ወደ አሮጌው ያደላል፤ አሮጌው በውሃና በአሸዋ ይመታል፣ አዲሱም ያልተነካ አለት ያጣል። የሰሜን ዳኮታ ምርት በ2019 መጨረሻ በቀን 1.5 ሚሊዮን በርሜል የደረሰው አሮጌዎቹ ስለጸኑ ሳይሆን በየወሩ አዳዲስ ጉድጓዶች ስለተጨመሩ ነው።

ስለ ውሃና መንቀጥቀጥ

ጽሑፉ ስንጥቁ ከባከን ተነስቶ የመጠጥ ውሃ ይደርሳል ይላል። ከ3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚነሳ ስንጥቅ ወደ ላይ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በአሥሮች፣ ሲበዛ በመቶዎች ሜትር ነው። የሚያሰጋው ከቱቦው ጀርባ ያለው ሲሚንቶ መላቀቅና በገጸ ምድር የሚፈስ ውሃ ነው፤ የባከን ተረፈ ውሃ ጨው ከባሕር ውሃ ስምንት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል አንድ የፈሰሰ ቧንቧ እርሻ ያበላሻል። በኦክላሆማ ለጨመሩት ርዕደ መሬቶች ዋናው ምክንያትም ይኸው ተረፈ ውሃ አርባክል ወደሚባለው ጥልቅ አለት መከተቱ ነው፤ በ2016 ፓውኒ አካባቢ 5.8 የደረሰው ይገኝበታል።

«ኦጋዴንም እንዲሁ»

በኦጋዴን ቤዚን ጥልቅ ክፍል፣ በካሉብ የአሸዋ ድንጋይና ከላይ ባለው በአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ መካከል፣ ቦኽ ሼል የሚባል የፐርሚያን ዘመን አለት አለ። ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው ጋዝ የተጠራቀመው በነዚህ የአሸዋ ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ ይህ የተለመደ የጋዝ ሜዳ እንጂ ሼል ምርት አይደለም። በዚያ ጥልቀት ጋዝ መገኘቱም አመንጪው አለት ቢያንስ በከፊል የዘይት ሙቀትን ማለፉን ይጠቁማል። ቦኽ ሼል የሐይቅ ደለል ነው፤ የሐይቅ ደለል ደግሞ ሸክላው ከፍ ሊል ስለሚችል መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው። ከባሕር የተነጠፈው ባከን ግራና ቀኝ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይለወጥ ይዘረጋል፤ በስብራት በተከፋፈለ ጎድጓዳ ምድር የተሞላ የሐይቅ ደለል ግን በአጭር ርቀት ውፍረቱንም ማዕድኑንም ይለውጣል።

ፖላንድ ጥሩ ምሳሌ ናት። በ2011 የአሜሪካ የኢነርጂ መረጃ አስተዳደር 187 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 5.3 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ሜትር፣ የሼል ጋዝ እንዳላት ገመተ። በ2012 የፖላንድ ጂኦሎጂ ተቋም የአሮጌ ጉድጓዶችን መረጃ መርምሮ ይበልጥ የሚመስለው ከ346 እስከ 768 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው አለ። ኤክሶንሞቢል በዚያው ዓመት ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ስለ ኦጋዴን ቁም ነገር መናገር የሚፈልግ ሰው በርሜል ከመቁጠሩ በፊት በቀድሞዎቹ ጉድጓዶች ቦኽ ሼልን ሲያቋርጡ የወጡትን ስባሪዎች ሮክ ኢቫል ያስመርምር፤ ሸክላውንም በኤክስሬይ ያስለካ። ቁፋሮው በዘይት የተሠራ ጭቃ (ለቁፋሮ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ፈሳሽ) ተጠቅሞ ከሆነ ስባሪዎቹ በደንብ ሳይታጠቡ መለካት የለባቸውም፤ ከጭቃው የገባው ዘይት ኤስ 1ን ከፍ አድርጎ ደረቁን አለት ዘይት ያለው ያስመስለዋል። ለዓመታት መጋዘን የቆየ ስባሪ ደግሞ ቀላሉን ዘይት አትንኖ ኤስ 1ን ያሳንሳል። ስለዚህ ሁለቱም ውጤት ከቲማክስና ከጉድጓዱ የግፊት መዝገብ ጋር አብሮ መነበብ አለበት።